ግራዋ ለምን ይመራል?

ግራዋን ለማያውቅ ሰው ማስተዋወቅ ቀላል ነው፤ ትንሽ የቅጠል ቁራጭ አስቀምሶ ፊቱን ማየት ይበቃል። ምሬቱ ከኮሶ አይተናነስም፤ ውሃ ተጉመጥምጠው ቢተፉ እንኳ ምላስ ላይ ይከርማል። ታዲያ ይህ ምሬት ከየት መጣ? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጋን ሲታጠብም፣ ሆድ ሲታመምም፣ ወባ ሲያንቀጠቅጥም፣ ቁስል ሲያመረቅዝም፣ የከብት ሆድ ሲነፋም አንዱ ቅጠል የሚፈለገው ለምን ይሆን? መልሱን ስትከተሉት ከታንዛኒያ ጫካ እስከ ጃፓን ቤተ ሙከራ፣ ከናይጄሪያ ጓዳ እስከ ራሳችሁ ምላስ ድረስ ያዞራችኋል። ትምህርት ቤት እያላችሁ ኬሚስትሪ ያስመረራችሁም ብትሆኑ አትሽሹ፤ የዛሬው ምሬት ሌላ ነው።

መጀመሪያ ተክሉን እንወቀው። ግራዋ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው፤ ካልተገረዘ ግን ዛፍ እስኪባል ያድጋል። በአጥር ዳር፣ በማሳ ድንበርና በወንዝ አፋፍ ታገኙታላችሁ። ትንንሽ ነጫጭ አበቦቹ ሲፈኩ ንቦች ይሰፍሩበታልና ንብ አርቢዎች ይወዱታል። ሳይንሳዊ ስሙ ቬርኖኒያ አሚግዳሊና ሲሆን፣ በዚህ ስም የመዘገበው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አሊር ዴሊል ነው፤ ጊዜውም 1826 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቅርብ ዘመን ብዙ ተመራማሪዎች ጂምናንቴመም ወደሚባለው ወገን አዛውረውታል፤ ሁለቱንም ስም ብታገኙ ተክሉ ያው ነው።

ዘመዶቹን ስትሰሙ ትገረሙ ይሆናል። ኑግ፣ የሱፍ አበባ፣ ሰላጣና የመስከረሟ አደይ አበባ ሁሉም ከግራዋ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህ ቤተሰብ መራራ ኬሚካሎችን በመሥራት የታወቀ ነው። ግራዋ ራሱ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው ይበቅላል፤ ኦሮሞው ኤቢቻ፣ ዮሩባው ኤዉሮ፣ ኢግቦው ኦኑግቡ፣ ሃውሳው ሹዋካ ይለዋል። በየደረሰበት አገር ሰው መድኃኒት አድርጎታል፤ በብዙ አገርም ምግብ ሆኗል። ሰው ብቻም አይደለም።

ቅጠሉን የጣለችው ቺምፓንዚ

በኖቬምበር 1987፣ በምዕራብ ታንዛኒያ፣ ከታንጋኒካ ሐይቅ ዳር በተንጣለለው የማሃሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዲት ቺምፓንዚ ይከታተሉ ነበር። አንዱ በጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ማይክል ሃፍማን ነው። ሌላው የፓርኩ ባልደረባ የሆኑት ሞሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ ናቸው፤ የቶንግዌ ሕዝብ ሽማግሌና ባህላዊ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። የሚከታተሏት ቺምፓንዚ ቻውሲኩ ትባላለች። ያን ዕለት አሟት ነበር፤ ምግብ አስጠልቷታል፣ ሰውነቷ ዝሏል፣ ሌሎቹ ሲበሉና ሲንቀሳቀሱ እሷ ጋደም ማለት አብዝታለች።

ከዚያ ተነሥታ ወደ አንድ የግራዋ ቁጥቋጦ ሄደች። ለጋ ቀንበጦቹን ጎትታ ሰበረች፤ ቅጠሉን ጣለች፣ ልጡን ላጠች፣ ከውስጥ ያለውን ለስላሳ ልብ ብቻ እያኘከች መራራውን ጭማቂ መጠጠች፤ ጭረቱን ተፋችው። ካሉንዴ ዓይተው አልተደናገሩም። የሳቸውም ሰዎች ሆድ ሲታመሙና ትል ሲያስቸግራቸው የሚይዙት ይህንኑ ተክል ነበር። በማግስቱ ቻውሲኩ የምግብ ፍላጎቷ ተመለሰ፤ እንደ ወትሮዋም መንቀሳቀስ ጀመረች። ሁለቱ ሰዎች ያዩትን በ1989 በጋራ አሳተሙት።

አንዲት ቺምፓንዚ ተሻላት ማለት መድኃኒቱ አዳናት ማለት አይደለም፤ በራሷ ጊዜ ድና ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹም ይህን ያውቁ ስለነበር ክትትሉን ቀጠሉ። በኋላ ሌላ የታመመች ቺምፓንዚ ያንኑ የግራዋ ልብ ስትመጥ አገኙና ሰገራዋን መረመሩ። በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ የነበረው የትል እንቁላል ከ130 ወደ 15 ወርዶ ነበር፤ የፈጀው ጊዜ 20 ሰዓት ነው። ትሉ የአንጀትን ግድግዳ እያሳበጠ የሚያሠቃይ ዓይነት ሲሆን በዝናብ ወራት ይበዛል። ቺምፓንዚዎቹ ግራዋ የሚያዘወትሩትም በዝናብ ወራት ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። እኛ ግራዋ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ቅጠሉ ነው። ቻውሲኩ ግን ቅጠሉን ጥላ ልቡን መጠጠች። ለምን? መልሱ በኬሚስትሪው ውስጥ ነው።

መንጠቆ ያለው ሞለኪውል

ቅጠል ጠላት ሲመጣበት አይሮጥም፤ ቀንድም ጥፍርም የለውም። አባጨጓሬ ሲግጠው፣ ሻጋታ ሲወርረው፣ ፍየል ሲቀነጥሰው የሚከላከለው በኬሚካል ነው። ግራዋ በዚህ በኩል የታጠቀ ተክል ነው። በቅጠሉ ውስጥ ካሉት በርካታ ውህዶች መካከል ሦስት ቡድኖችን ብታውቁ ታሪኩን ሁሉ ትረዱታላችሁ።

የመጀመሪያው ቡድን ሴስኩተርፒን ላክቶን ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። ተክሉ አምስት አምስት ካርቦን ያላቸውን ሦስት ቁራጮች ይቀጥልና ባለ 15 ካርቦን አጽም ይሠራል፤ በላዩም ላክቶን የሚባል ኦክስጅን ያለበት ቀለበት ይገጥምበታል። በግራዋ ቅጠል ውስጥ የዚህ ቡድን ዋነኛ አባላት ቬርኖዳሊን፣ ቬርኖላይድና ሃይድሮክሲቬርኖላይድ ናቸው። ቬርኖዳሊን በ15ቱ አጽም ላይ ባለ አራት ካርቦን ቅጥያ ስላለው በጠቅላላው 19 ካርቦን ይይዛል። ይህንን ውህድ ከግራዋ ለይተው በ1969 ያሳወቁት አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ይፈልጉ የነበሩት ዕጢን የሚገታ ነገር ነበር።

ቬርኖዳሊን ኃይሉን የሚያገኘው ከላክቶኑ ቀለበት ላይ ወጣ ብሎ ከሚገኝ አንድ ጥንድ የካርቦን ትስስር ነው። ይህ ክፍል እንደ መንጠቆ ነው። ፕሮቲኖች ሲስቲን በሚባለው ክፍላቸው ላይ ድኝ አላቸው፤ መንጠቆው ያንን ድኝ ሲያገኝ ይይዘዋል፤ ከያዘ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። የተያዘው ፕሮቲን ሥራውን ያቆማል። ትሉ ኃይል የሚያመነጭበት ፕሮቲን ከሆነ ትሉ ይዳከማል፤ ባክቴሪያው የሚራባበት ከሆነ ባክቴሪያው ይገታል።

ችግሩ ድኝ ያለው ፕሮቲን የትል ብቻ አለመሆኑ ነው። የእኛም፣ የቺምፓንዚዋም፣ የአይጧም ሴል በዚሁ ፕሮቲን የተሞላ ነው፤ መንጠቆውም ወዳጅና ጠላት ለይቶ አያውቅም። ሴሎቻችን ግሉታታዮን የሚባል፣ ራሱ ድኝ ያለው ትንሽ ሞለኪውል አከማችተው ይኖራሉ። መርዝ ሲገባ ግሉታታዮን ቀድሞ ይያዝና ፕሮቲኑን ያድነዋል። የገባው ጥቂት ከሆነ ሰውነት ይቋቋመዋል ማለት ነው። ብዙ ሲሆን ግን ክምችቱ ያልቅና ጉዳቱ ወደ ፕሮቲኑ ይሻገራል። መድኃኒትና መርዝ የሚለያዩት በመጠን ነው የሚባለውን ነገር በሞለኪውል ደረጃ ማየት ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አታገኙም።

አሁን ወደ ቻውሲኩ እንመለስ። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮይቺ ኮሺሚዙ፣ ሀጂሜ ኦሂጋሺና ባልደረቦቻቸው ግራዋን ክፍል በክፍል ሲመረምሩት ቬርኖዳሊን በቅጠሉና በልጡ ውስጥ በብዛት፣ በቀንበጡ ልብ ውስጥ ግን በጥቂቱ ሆኖ አገኙት። በቤተ ሙከራ ቬርኖዳሊን የቢልሃርዚያ ትልን እንቅስቃሴና እንቁላል መጣል ገታ። ይሁን እንጂ በትሉ ለተያዙ አይጦች ሲሰጣቸው አይጦቹንም የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። ቻውሲኩ የጣለችው፣ መንጠቆው የበዛበትን ክፍል ነበር። ታዲያ ከልቡ ውስጥ የመጠጠችው ምንድን ነው?

አረፋ የሚሠራው ቡድን

ሁለተኛው ቡድን የስቴሮይድ ግላይኮሳይድ ይባላል። የኪዮቶው ቡድን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ እነዚህን ውህዶች ለይቶ ቬርኖኒዮሳይድ ብሎ ሰየማቸው፤ ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3፣ ቢ1 እያለም ዘረዘራቸው። በቀንበጡ ልብ ውስጥ ዋናው ቬርኖኒዮሳይድ ቢ1 ነው። እሱና ከእሱ የሚወጣው ስኳር አልባ ክፍል በቤተ ሙከራ ትሎችን ሲያዳክሙ ታይተዋል። ከቬርኖዳሊን ጋር ሲነጻጸሩ ጉዳታቸው የቀለለ በመሆኑ፣ ልቡን መምጠጥ ጥቅሙን ይዞ ጉዳቱን የመቀነስ ያህል ነው። ቺምፓንዚዋ ይህን በሐሳብ አስልታ አደረገችው ማለቴ አይደለም፤ ድርጊቷ ግን ከኬሚስትሪው ጋር ይገጥማል።

የእነዚህ ሞለኪውሎች አንዱ ጫፍ ቅባት የሚወድ የስቴሮይድ አካል ነው፤ ሌላው ጫፍ ውሃ የሚወድ ስኳር ነው። ሳሙናም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በአንድ ጫፉ ቅባቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዝና ቆሻሻውን ያነሣዋል። እንዲህ ያሉትን የዕፅዋት ውህዶች ሳፖኒን የምንላቸው በዚህ ምክንያት ነው። የግራዋ ቅጠል በውሃ ውስጥ ሲታሽ አረንጓዴ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ስላለው ነው።

ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን አረፋ ያውቀዋል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል፣ ተደጋግሞ ይለቀለቃል፣ ከዚያም በወይራ ይታጠናል። ሻካራው ቅጠል ይፈትጋል፤ ሳፖኒኑ ቅባቱንና አተላውን ያነሣል። ላክቶኖቹስ? በደቡብ አፍሪካ የፎርት ሄር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከግራዋ ቅጠል ያወጧቸው ቬርኖላይድና ሌላው ላክቶን ቬርኖዳሎል አምስት ዓይነት ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎችን ሲገድሉ አሳይተዋል። ግራም ፖዘቲቭ የሚባሉት የውጭ ሽፋን የሌላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ጠላንና ቢራን የሚያመጥጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ቢራ ጠማቂዎች ሆፕስ የሚባለውን መራራ አበባ የሚጨምሩት ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን እነዚህኑ ባክቴሪያዎች ስለሚገታላቸው ነው። በናይጄሪያም ግራዋን በሆፕስ ፈንታ ለቢራ ጥመቃ የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። የፎርት ሄሩ ሙከራ በጋን ላይ አልተደረገም፤ ስለዚህ እንደ ማረጋገጫ አትውሰዱት። ያም ሆኖ ጋን አጣቢዋ እናት ቅጠሉን የመረጠችው በከንቱ እንዳልሆነ ለመገመት ይበቃል።

ያው ጥናት ሌላ ነገርም ነግሮናል፤ ውህዶቹ ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች አልነኳቸውም። እነዚህ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ብዙ ነገር አያስገቡም። የታይፎይድ ባክቴሪያ ከዚህ ወገን ነው፤ ብዙዎቹ የተቅማጥ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ። ስለዚህ «ግራዋ ጀርም ይገድላል» ለሚላችሁ ሰው መልሳችሁ «የትኛውን ጀርም?» ይሁን።

ቢጫዎቹ ጸጥተኞች

ሦስተኛው ቡድን ፍላቮኖይድ ይባላል፤ በግራዋ ውስጥ ያለው ዋናው ሉቲዮሊን ነው። ብቻውንም፣ ስኳር ወይም የስኳር አሲድ ተለጥፎበትም ይገኛል። ጦስኝም ይህንኑ ውህድ ይይዛል። ሉቲዮሊን ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን ለቅጠሉ የሚሰጠው አገልግሎት የፀሐይን ጎጂ ጨረር መከላከልና በሴል ውስጥ የሚፈጠሩ አጥፊ የኦክስጅን ዓይነቶችን ማብረድ ነው። በ1994 የታተመ ጥናት ከግራዋ ቅጠል የተገኙትን ሦስት ፍላቮኖይዶች አወዳድሮ፣ ስኳር ያልተለጠፈበት ሉቲዮሊን በዚህ ሥራ ከሁሉ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከእነዚህ ጎን ክሎሮጀኒክ አሲድና ዘመዶቹ አሉ፤ ጥሬ የቡና ፍሬም በእነዚህ የተሞላ ነው።

እነዚህ ውህዶች እንደ ላክቶኖቹ አይጮኹም፤ ፕሮቲን ይዘው አይቀሩም፣ ምላስንም ያን ያህል አያስለቅሱም። ከምግብ ጋር ሲገቡም በአትክልትና በቡና በየቀኑ የምናገኛቸው ዓይነት ናቸው። ግራዋን እንደ ጎመን የሚበላ ሕዝብ ከቅጠሉ የሚያገኘው ዋና ጥቅም ከእነሱና ከፕሮቲኑ ነው። ፕሮቲን ስል አትገረሙ፤ የደረቀ የግራዋ ቅጠል አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። በ1995 የታተመ አንድ ጥናት የጤፍ ጭድ ለሚበሉ የመንዝ በጎች ግራዋን ተጨማሪ መኖ አድርጎ የፈተሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ምላሳችሁ ምን ይላል?

አሁን ወደ ርዕሳችን ጥያቄ ደርሰናል። በሰው ምላስ ላይ ምሬትን ብቻ የሚለዩ 25 ያህል የተቀባይ ዓይነቶች አሉ። ጣፋጭን ለመለየት አንድ ዋና ተቀባይ ሲበቃን ለመራራ ይህን ያህል ማስፈለጉ፣ በተፈጥሮ ውስጥ መርዝ ምን ያህል ብዙ ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከእነዚህ መካከል ታስ2አር46 የሚል መለያ የተሰጠው ተቀባይ ሴስኩተርፒን ላክቶኖችን አጥብቆ ይለያል። ይኸው ተቀባይ ስትሪክኒን የተባለውን ገዳይ መርዝም ይለያል። ምላሳችን ግራዋን ሲቀምስ የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ለስትሪክኒን ከሚያሰማው ጋር አንድ በር የሚጋራ ነው። ታዲያ ፊት ቢኮማተር ይፈረድበታል?

ግራዋ የሚመረው ስለሚጠቅመን አይደለም። የሚመረው እንዳንበላው ነው። ምሬቱ የተክሉ ማስፈራሪያ ሲሆን፣ ምሬቱን የምንሰማበት ምላስ ደግሞ የእኛ ጠባቂ ነው። የሰው ልጅ ብልሃት የሚጀምረው ማስፈራሪያውን ሰምቶ «እሺ፣ ግን ጥቂት ብቻ» ሲል ነው። ብዙ ሰው ግን «መራራ ስለሆነ መድኃኒት ነው፤ ይበልጥ ሲመር ይበልጥ ያድናል» ብሎ ያምናል። ኬሚስትሪው ይህን አይደግፍም፤ ይበልጥ መረረ ማለት ብዙውን ጊዜ መንጠቆው በዛ ማለት ነው።

የናይጄሪያና የካሜሩን ባለሙያ ሴቶች ይህን በሥራ ያውቁታል። በናይጄሪያ ኢግቦዎች በኦኑግቡ ወጥ ይሠራሉ፤ በካሜሩን ደግሞ ንዶሌ የሚባለው በለውዝ የሚሠራ የግራዋ ወጥ የአገሪቱ መለያ ምግብ ነው። ቅጠሉ ግን ተቀንጥሶ ወዲያው ድስት አይገባም። በእጅ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ አረፋው ይደፋል፣ እንደገና ይታጠባል፤ አንዳንዶች ቀቅለው ውሃውን ይደፉታል፣ ካንዋ የሚባለውን አፈር ወለድ ጨውም ይጨምሩበታል። አረፋው ሲቀንስ ሳፖኒኑ እየወጣ ነው፤ ምሬቱ ሲለዝብ ላክቶኖቹም እየተቀነሱ ነው። ቻውሲኩ ቅጠሉን በመጣል ያገኘችውን እነሱ በማጠብ ያገኙታል። ከታጠበው ቅጠል የሚቀረው ፕሮቲኑ፣ ጭረቱና ቀሪው ጥቂት ምሬት ነው። ጥቂት ምሬት ደግሞ ወጡን ያሳምረዋል ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ታጥቦ በወጥ የሚበላው ግራዋና ሳይታጠብ ተወቅጦ ጭማቂው የሚጠጣው ግራዋ በኬሚስትሪ ዓይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ናይጄሪያውያን በየቀኑ ይበሉት የለ?» ብሎ አንድ ኩባያ ጭማቂ መጋት ስሌቱን ማፋለስ ነው። የቅጠሉ ዕድሜ፣ ወቅቱና ተክሉ የበቀለበት ቦታም የውህዶቹን መጠን ይለዋውጡታል፤ የዛሬው እፍኝ ከትናንቱ እፍኝ እኩል ላይሆን ይችላል።

ከብርጭቆ ወደ ሰው

በቤተ ሙከራ ውስጥ ግራዋ ጀግና ነው። የወባ ተውሳክን ገትቷል፣ ባክቴሪያ ገድሏል፣ ትል አዳክሟል። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ ባለው ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ናይጄሪያዊው ኧርነስት ኢዜቭቢጊ በ2003 ባሳተመው ጥናት የግራዋ ቅጠል ጭማቂ በብርጭቆ ውስጥ የሚያድጉ የጡት ካንሰር ሴሎችን ዕድገት እንደሚገታ አሳይቷል። አስደሳች ውጤት ነው። ይሁንና የመንጠቆውን ነገር አስታውሱ፤ በብርጭቆ ውስጥ ሴል የሚገድል ነገር ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ በሰው አካል ውስጥ፣ ጉበት ሳይሰብረው፣ ጤነኛውን ሳይነካ፣ በሽታው ያለበት ቦታ የሚደርስ መጠን ማግኘት ነው። ለግራዋ ያ ሥራ በካንሰር ረገድ አልተጠናቀቀም።

ወባን በተመለከተ ግን በሰው ላይ የተሞከረ አለ። በ2009 የታተመው አንድ አነስተኛ ጥናት ያልጠና ወባ ያለባቸውን ሕሙማን ከእርጥብ የግራዋ ቅጠል በተዘጋጀ ሻይ ተከታትሏል። በ14ኛው ቀን 67 ከመቶዎቹ ምልክታቸው ቀሎላቸው ነበር። እዚህ ላይ ብናቆም ድንቅ ዜና ነው። ደማቸው ሲመረመር ግን፣ ከተሻላቸው መካከል ተውሳኩ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው 32 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም በ71 ከመቶዎቹ ወባው ተመልሶ መጣ። በመቶ ሰው እናስላው፤ ወደ 67 ሰዎች ተሻላቸው፣ ከእነሱ 21 ያህሉ ከተውሳኩ ነጹ፣ ንጹሕ ሆነው የቀሩት 6 ገደማ ናቸው። ትኩሳቱ በረደ ማለት ወባው ወጣ ማለት አይደለም። አያቶቻችን «ግራዋ ለወባ ይሆናል» ሲሉ አልዋሹም፤ ያዩት የ67ቱን ማሻል ነው። የደም ምርመራ ስላልነበራቸው የቀረውን ማየት አይችሉም ነበር።

ይህን የምለው ባህላዊ ዕውቀትን ለማጣጣል አይደለም። ካሉንዴ ባይኖሩ ሃፍማን ያየውን ነገር ትርጉም ባልሰጠው ነበር፤ የኪዮቶ ኬሚስቶችም ወደዚህ ተክል ባልመጡ። ባህላዊው ዕውቀት የት መቆፈር እንዳለብን ይጠቁማል፤ ምን ያህል፣ ለማን፣ እስከ መቼ የሚለውን ደግሞ ሚዛንና ማይክሮስኮፕ ይመልሱታል። የሳይንሱም ግምት ሲሳሳት ታይቷል። ቺምፓንዚዎች አስፒሊያ የሚባለውን የግራዋ ዘመድ ሻካራ ቅጠል ሳያኝኩ እንደሚውጡ ሲታወቅ፣ በመጀመሪያ ቅጠሉ ውስጥ ትል የሚገድል ኬሚካል አለ ተብሎ ተጻፈ። በኋላ በተደረገ ምርመራ ቅጠሉ ውስጥ ያ ኬሚካል አልተገኘም፤ ሥራውን የሚሠራው ሻካራው ፀጉሩ ሆነ፤ አንጀትን እየጠረገ ትሉን ይዞት ይወጣል። ሁሉም ቅጠል በኬሚካል አይሠራም ማለት ነው።

ከመቅጠፋችሁ በፊት

እንግዲህ የማወቅ ጉጉት ብቻውን ቅጠል አስቀጥፎ እንዳያስጠጣችሁ ጥቂት ነገር ልበል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የግራዋ ጭማቂ መጠጣት የለባትም። ተክሉ ማሕፀን የማኮማተር ጠባይ አለው፤ በኡጋንዳ ባህላዊ አዋላጆች ምጥ ለማፋጠን የሚጠቀሙበትም ለዚሁ ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይጠንቀቅ፤ ግራዋ በእንስሳት ሙከራ የደም ስኳርን ዝቅ ሲያደርግ ታይቷልና ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። የዚህን ቤተሰብ ዕፅዋት ሲነካ ቆዳው የሚቆጣ ሰው ካለ ጥፋተኞቹ ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ላክቶኖች ናቸው፤ መንጠቆው የቆዳን ፕሮቲንም ይይዛል። ሕፃን ልጅን በግምት በተቀዳ ጭማቂ ማከም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ትንሽ አካል ስሕተትን የሚሸከምበት አቅም የለውም።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ደማችሁን አስመርምሩ፤ ወባ ሆኖ ከተገኘ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ጨርሱ። ግራዋ ጠጥታችሁ ከሆነም አትደብቁ፤ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ሕክምናውን ለመወሰን ይጠቅመዋል። ጋን ለማጠብ፣ አጥር ለማጠር፣ ለንብና ለበግ ግን ግራዋን ያለ ስጋት ትከሉት። መድኃኒት አድርጎ ለመጠጣት ሲሆን፣ የትኛው ክፍል፣ እንዴት ተዘጋጅቶ፣ በምን መጠን የሚለውን ሳያውቁ የሚጠጡት ግራዋ ጠላቱንም ወዳጁንም የሚይዝ መንጠቆ መሆኑን አትርሱ።